በጣና ዓሣ ሆድ ስለሚገኘው ትል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በባሕር ዳር ዳርቻ ልጆች በመንጠቆ ከሚይዟቸው ትናንሽ ዓሣዎች የአንዷ ሆድ ሲከፈት፣ ከአንጀቷ ውጭ ተጣጥፎ የተኛ፣ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ የሆነ ነጭ ትል ሊወጣ ይችላል፤ ሲዘረጉትም አንዳንዴ ከዓሣዋ ይረዝማል። በሳይንስ ሊጉላ ይባላል።

ይህን ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ «የኮሶ ትል ነው» ይላል፤ አይደለም። በአገራችን የታወቀው የኮሶ ትል ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ የከብት ሥጋ በመብላት የሚመጣ፣ በሰው አንጀት የሚኖር፣ እየተቆራረጠም ከሰገራ ጋር የሚወጣ ነው። ሊጉላ ግን ለመራባት የሚደርሰው በዓሣ በል ወፎች አንጀት ውስጥ ነው።

«ዓሣው ሞቶ ሲቆይ የሚፈጠር ነው» የሚለው አባባል ደግሞ እጅግ አስደናቂውን ታሪክ ይሸፍነዋል። ከሐይቁ በጠርሙስ የተቀዳ ውሃ ወደ ብርሃን ሲያዝ ፈንጠር ፈንጠር የሚሉ ነጫጭ ነጥቦች ይታያሉ፤ ከእነዚህ መካከል ኮፔፖድ የሚባሉት፣ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት ያላቸው፣ የሽሪምፕና የሸርጣን የሩቅ ዘመዶች ናቸው። የሊጉላ እንቁላል ከወፍ ኩስ ጋር ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲፈለፈል፣ ዋናተኛዋን እጭ ኮፔፖድ ይውጣታል፤ ኮፔፖዱን ዓሣ ይበላዋል፤ ትሉም የዓሣውን አንጀት በስቶ ወደ ሆድ ዕቃው ይወጣና በዚያ ለወራት ያድጋል። ዓሣውን ኮርሞራንት ወይም ሌላ ዓሣ በል ወፍ ሲበላው ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ እንቁላል መጣል ይጀምራል። ያን ሁሉ ወራት የጠበቀው ለእነዚህ ጥቂት ቀናት ነው።

ሆዷ ያበጠ ዓሣ ሁሉ እንቁላል የያዘች አይደለችም። እንዲያውም ሊጉላ ያለባት ዓሣ እንቁላል የምትሠራበት አካል ሳያድግ ይቀራል፤ ትሉ ከአንጎሏ ሥር ካለው ዕጢ የሚመጣውን የመራባት ትእዛዝ ያዳክመዋልና። በዚህም ምክንያት ጉዳቱ በአንዲት ዓሣ ላይ ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ መተካት የነበረበትን ትውልድም ይነካል።

ትል መገኘቱ ውሃው ቆሻሻ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ኮፔፖድ፣ ዓሣና ወፍ አብረው የሚገኙበት ጤናማ ሐይቅም ትሉን ሊያኖረው ይችላል።

«ጥሬ ዓሣ ላይ የሚደረግ ሎሚና ሚጥሚጣ ትሉን ይገድለዋል» የሚለውን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሊጉላ ለሰው የሚያሰጋ ባይሆንም፣ እንደ ቆረሶ (ቲላፒያ) ባሉ ዓሣዎች ውስጥ የሚገኙ ሌሎች ድቡልቡል ትሎች በጥሬው ሲበሉ ሆድ ሊያሳምሙ ይችላሉ። አስተማማኙ መንገድ እስከ ውስጡ ማብሰል ነው፤ በረዶ ቤት ለሚያስቀምጥ ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን ማቆየት ያስፈልጋል።

በመጨረሻም፣ የዓሣ ሆድ ዕቃ ዳር ላይ ለተሰበሰቡ ወፎች መጣል ምንም ጉዳት የሌለው ልግስና ይመስላል። በውስጡ ያለው ትል በሕይወት ካለ ግን ሲፈልገው የነበረውን ወፍ በእጃችን አገናኘነው ማለት ነው፤ ከውሃው ራቅ አድርጎ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ መቅበር ይህን መንገድ ይዘጋዋል።