እስካሌተር ምንድን ነው? እንዴትስ ይሠራል?

እስካሌተር ጫፍና ጫፉ ተገጥሞ የሚሽከረከር የደረጃ ሰልፍ ነው። የምናየው ግማሹን ብቻ ነው፤ የቀረው ከእግራችን ሥር ተገልብጦ ይመለሳል።

ብልሃቱ ያለው ጎማው ላይ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ አራት ትንንሽ ጎማዎች አሉት። ሁለቱ በግራና በቀኝ ከሚሮጡት ካቴናዎች ጋር ተያይዘዋል፤ የቀሩት ሁለቱ ዝም ብለው ይከተላሉ። ጥንዶቹ የሚሄዱት በየራሳቸው ሐዲድ ነው። ዳገቱ ላይ ሐዲዶቹ ይቀራረባሉ፣ ደረጃውም ደረጃ ይሆናል። መግቢያና መውጫው ላይ አንዱ ሐዲድ ከሌላው በታች ይርቃል፤ ያኔ ደረጃዎቹ እኩል ሆነው እንደ ወለል ይዘረጋሉ። የምንቆምበት ፊት በሁለቱም ቦታ ለጥ ያለ ነው።

ካቴናውን የሚጎትተው ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው ወለል ሥር ይቀመጣል። የተለመደው ፍጥነት በሰከንድ 0.5 ሜትር፣ ዳገቱ ደግሞ 30 ወይም 35 ዲግሪ ነው። ፍሬኑ በስፕሪንግ ጉልበት ሁልጊዜ እንደያዘ ነው፤ የሚለቀው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሰው እንደጫነ ቁልቁል አይንሸራተትም፣ ይቆማል። (በቆመ እስካሌተር መውጣት የሚያደክመው ከፍታው ከተራ ደረጃ ስለሚበልጥ ነው፤ ጫፎቹ ላይ ደግሞ ከፍታው ስለሚለዋወጥ ያደናቅፋል።)

የእጅ መደገፊያውም የሚነዳው በዚያው ሞተር ነው፤ ነገር ግን የሚይዘው ሰበቃ ብቻ ነው። የሚነዳው ጎማ ሲያልቅ መደገፊያው ይዘገያል፣ የያዘውንም ሰው ወደ ኋላ ይስባል። የአውሮፓው ኢኤን 115 ደንብ መደገፊያው ቢበዛ በ2 በመቶ እንዲፈጥን እንጂ እንዲዘገይ አይፈቅድም።

ካቴናም ሲያረጅ ይረዝማል። የሚበላው የመገጣጠሚያው ፒን ነው፤ በደረጃዎቹ መካከል ያለው ክፍተትም አብሮ ይሰፋል። ወጪ ለመቆጠብ አንዱን ካቴና ብቻ መቀየር አያዋጣም፤ ሁለቱ ካልተስተካከሉ ደረጃው ይጣመምና የጎኑን ላሜራ ይፈጫል። ከላሜራው ጋር ያለው ክፍተት በአንድ ጎን ከ4 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ለስላሳ የጎማ ጫማ፣ በተለይ የልጆች፣ እዚያም ተስቦ ይገባል። በጎንና ጎን የተደረደረው ብሩሽ ጫማ ለመወልወል ሳይሆን እግርን ለማራቅ ነው።

ከሥር የሚጠራቀመው ግራሶ፣ ብናኝና ወረቀት ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 በለንደን ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ፣ ከእንጨት እስካሌተር ሥር የተነሳ እሳት 31 ሰው ገድሏል፤ መነሻው የወደቀ ክብሪት ነበር። በጥገና ጊዜ ሁለት ሦስት ደረጃ ይነቀልና ክፍቱ ቀስ እያለ እንዲዞር እየተደረገ ውስጡ ይጠረጋል።