የእንጨት ሥራን ኮምፒውተር ላይ ስለማቀድ በተደጋጋሚ የሚባሉ ስህተቶች

ባህር ዳር ቁምሳጥን ያሠራ ሰው ያውቀዋል፣ ደንበኛው ከቴሌግራም ያወረደውን ፎቶ ያሳያል፣ አናጢው በሜትር ለክቶ ካርቶን ላይ ጫር ጫር ያደርጋል፣ ቀብድ ተቀብሎ መቁረጥ ይጀምራል። መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ እንሥራው ሲባል የሚመጣው መልስ ግን አብዛኛው ልክ አይደለም።

"የኢንጂነር ነገር ነው።" ኧረ አይደለም! ስኬችአፕ የሚባለው የንድፍ ፕሮግራም ላይ አራት ማዕዘን ትስላለህ፣ ወደላይ ትጎትተዋለህ፣ ልኩን በቁጥር ትጽፋለህ፣ ጣውላ ሆነ። ዋናው ነገር እያንዳንዱን ጣውላ ለብቻው ኮምፖነንት (ራሱን የቻለ ክፍል) ማድረግ ነው፣ አለዚያ ሁሉም ተጣብቆ አንዱን ማንቀሳቀስ ያቅትሃል።

"ውድ ነው።" ስኬችአፕ በብሮውዘር የሚሠራ ነፃ ቨርዥን አለው፣ ኢንተርኔት ግን ይፈልጋል። ኔት ለሚያስቸግረው ፍሪካድ የሚባል ሌላ የንድፍ ፕሮግራም አለ፣ እሱም ነፃ ነው፣ አንዴ ካወረድከው ያለ ኔት ይሠራል፣ ለመልመድ ትንሽ ከበድ ይላል እንጂ።

"ስክሪን ላይ ከገጠመ እንጨቱም ይገጥማል።" ብዙ እቃ የሚያበላሸው ይሄኛው ነው። ሙሉ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ብዙ ጊዜ 122 በ244 ሳንቲም ነው፣ ቁመቱን 61 61 አድርገህ አራት ቦታ ስትከፍለው ስክሪኑ ላይ ልክክ ይላል፣ መጋዙ ግን በየቁርጡ ወደ 3 ሚሊ ይበላል፣ ሶስት ቁርጥ 9 ሚሊ ነው፣ ስለዚህ የመጨረሻዋ 60.1 ሆና ትወጣለች። ውፍረቱም እንደዛው፣ 18 ሚሊ ተብሎ የተገዛ ኮምፔንሳቶ ሲለካ ቀጠን ሊል ስለሚችል መጀመሪያ እጅህ ላይ ያለውን ለካና ያንን ቁጥር አስገባ።

ደግሞ ሶፍትዌሩ እንጨት እንደሚነፋ አያውቅም። ጣና ዳር ክረምት ሲገባ አየሩ ይረጥባል፣ የዋንዛ ጣውላ በወርዱ ይሰፋል፣ በጋ ላይ መልሶ ይጠባል፣ በርዝመቱ ግን ለውጡ ከቁጥር አይገባም። ሰፊ የጠረጴዛ ፊት ከፍሬሙ ጋር በኮላ ድርቅ አድርገህ ካሰርከው ይሰነጠቃል ወይ ይጎብጣል፣ የብሎን ቀዳዳውን በወርዱ አቅጣጫ ሞላላ አድርገህ መንቀሳቀሻ መስጠት አለብህ። ያልደረቀ ባህር ዛፍ ከሆነማ ምንም ድሮዊንግ አያድነውም።

"ጊዜ ማባከን ነው።" ለአንድ ተራ መደርደሪያ ልክ ነህ፣ ካርቶኑ ይበቃል። መሳቢያ ሲመጣ ግን ከውጭ 80 ሳንቲም የሆነ ሳጥን በ18 ሚሊ ሲሠራ ውስጡ 76.4 ነው፣ መሳቢያው የሚንሸራተትበት የጎን ሃዲድ ደግሞ በየጎኑ 1.3 አካባቢ ይፈልጋል፣ መሳቢያው 73.8 ይሆናል ማለት ነው፣ ደንበኛው በመሃል "75 አርጉልኝ" ሲል ይሄ ሁሉ ይቀየራል፣ ኤምዲኤፉ ሳይቆረጥ ስክሪን ላይ ቢቀየር አይሻልም?

"ቆንጆ ምስል ካወጣሁ ፕላን አለኝ።" ምስሉ ለደንበኛ ነው። ለቆራጩ የሚያስፈልገው የየቁራጩ ርዝመት፣ ወርድ፣ ውፍረት፣ ብዛትና የትኛው ጠርዝ እንደሚለበጥ የተጻፈበት ወረቀት ነው፣ እሱን ይዘህ ሂድ።