«ስንት ያወጣል?» ስለ ድሮ የቤዝቦል ካርድ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

ሜሪላንድ ውስጥ የድሮ የቤዝቦል ካርድ፣ ማለትም የተጫዋች ምስል የታተመበትና ሰው የሚሰበስበው ትንሽ ወፍራም ወረቀት፣ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። የሀገሬ ሰዎች ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ይሄ ስንት ያወጣል?» ብለው ነው። መጠየቁ ነውር የለውም። የሚያደክመኝ ከጥያቄው ጀርባ ያለው እምነት ነው።

«የቆየ ካርድ ሁሉ ውድ ነው።» አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ ታክሲ የሚነዱ ጋሼ ከያርድ ሴል (ሰው አሮጌ ዕቃውን ግቢው ላይ አውጥቶ ከሚሸጥበት) በ300 ዶላር የገዙትን ካርቶን ተሸክመው መጡ። ውስጡ ያልተከፈተ የ1989 እና የ1990 ካርድ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በዚያን ጊዜ ፋብሪካዎቹ ያለ ልክ ያትሙ ነበር፤ ገዢውም «ነገ ይወደዳል» እያለ አስቀመጠው። ሁሉም ቤት ያለ ነገር ደግሞ አይወደድም። 20 ዶላር እንኳ ልሰጣቸው አልቻልኩም፤ ፊታቸው አሁንም ይታየኛል። እባካችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ካርዱን ገልብጡና ዓመቱን እዩ።

«የ1952ቱ የቶፕስ ካርድ የሚኪ ማንትል የመጀመሪያው ነው።» አይደለም። የዚህ ስመ ጥር ተጫዋች የመጀመሪያ ካርድ የቶፕስ ተፎካካሪ የነበረው ካርድ አታሚ ቦውማን በ1951 ያወጣው ነው።

«ጠርዙን አስተካክዬ ላምጣው።» በጭራሽ! መቀስ የነካው ካርድ ዋጋው ያኔውኑ ይወድቃል። በማስመሪያ እንለካዋለን፤ እናውቃለን። አትጥረጉት፣ በላስቲክም አስራችሁ አታስቀምጡት።

«ካርድ የሚሰበስብ ሰው ገንዘብ ፈልጎ ነው።» እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በ2022 አንድ የ1952 ማንትል በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠና ወሬው ከዳር እስከ ዳር ተዳረሰ። ከዚያ ወዲህ ይሄንን ሥራ ሁሉም እንደ ሎተሪ ያየዋል።

ጀፈርሰን በርዲክን ግን ማን ያውቀዋል? በኒውዮርክ ግዛት፣ ሲራኪውስ ከተማ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚገጣጥም ሠራተኛ ነበር። ዛሬ ሚሊዮን የሚያወጣውን፣ ከሲጋራ ጋር ይታደል የነበረውን የድሮውን ተጫዋች የሆነስ ዋግነርን ካርድ «ቲ206» ብለን የምንጠራው እሱ ባዘጋጀው የካርዶች ዝርዝር (ካታሎግ) ቁጥር ነው። ካታሎጉን በ1939 ሲያወጣ ካርድ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ የሚጣል ነገር ነበር። ከ300,000 በላይ ካርድና ልዩ ልዩ የታተመ ወረቀት ሰብስቦ ኒውዮርክ ለሚገኘው ለሜትሮፖሊታን ሙዚየም በነፃ ሰጠ። እያንዳንዱን በሙጫ አልበም ላይ ለጠፈው፣ ዋግነርንም ጭምር! የዛሬ ነጋዴ ቢያየው ይጮሃል። ዋጋ የሚያስላ ሰው ሙጫ አይነካም። የመገጣጠሚያ ሕመም ጣቶቹን እያጣመመበት ለዓመታት ለጠፈ። በጥር 1963 የመጨረሻውን ጨረሰ፣ በማግስቱ ሆስፒታል ገባ፣ ከሁለት ወር በኋላ አረፈ።

እንዲህ ያለ ሰው እኛም ሱቅ ነበረን። ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ነበሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። የ1956ቱን የቶፕስ ስብስብ፣ 340ውን ካርድ፣ ለመሙላት ነበር የሚለፉት። ጥግ ጥጉ የተበላውን፣ ርካሹን ይመርጣሉ፤ «ልጅ የተጫወተበት ይሻለኛል» ይሉ ነበር። የጎደሏቸውን ቁጥሮች በእርሳስ የጻፉበት የታጠፈ ወረቀት ከኪሳቸው አይለይም። አንድ ካርድ በገዙ ቁጥር ባንኮኒው ላይ ዘርግተው ቁጥሩን በላጲስ ያጠፋሉ። ሲያርፉ ልጃቸው ወረቀቱን አምጥታ ሰጠችን። ሦስት ቁጥር ቀርቶታል። መሳቢያችን ውስጥ አለ፤ ከሦስቱ አንዱ በእጄ ሲገባ አሁንም አወጣውና አየዋለሁ።