«ሰው በአገሩ፣ ሰው በወንዙ»፦ ምን ማለት ነው? መቼስ ነው የሚባለው?

«ሰው በአገሩ፣ ሰው በወንዙ፣
ቢበላ ሣር፣ ቢበላ መቅመቆ፣
ይከበር የለም ወይ ሰውነቱ ታውቆ።»

ይህን ያልሰማ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። ልጅ «ውጭ ልሂድ» ሲል አባት ይለዋል። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ደግሞ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ለራሱ ይለዋል። ብዙ ጊዜ ግን «ሰው በአገሩ...» ተብሎ ይቆምና የቀረው በሆድ ይቀራል። እኔ ደግሞ የነገሩ ፍሬ ያለው እዚያ ሳይባል በሚቀረው በመጨረሻው ስንኝ ነው ብዬ አምናለሁ።

እገሌ ገጠመው የሚባል አይደለም፤ የሕዝብ ግጥም ነው። ገጠር ውስጥ እንደበቀለ ግን ከቃላቱ ያስታውቃል። ወንዝ የተባለው መንደር ነው፣ ቀዬ ነው። የአንዱን ሰፈር ከሌላው የሚለየው ወንዝ ስለሆነ እስከ ዛሬም ሰው አገር ላይ ስንገናኝ «የወንዜ ልጅ» እንባባላለን። ሣሩ የከብት ምግብ ነው። መቅመቆን ከተማ ያደገ ሰው ምናልባት የሚያውቀው ገበያ ላይ በሥሩ ይሆናል፤ ቅቤ ሲነጠር ይገባል፣ ቢጫ መልክ ይሰጠዋል፣ ለመድኃኒትም ይፈላል። ገጠር ያደገ ደግሞ ለጋውን ግንድ ልጦ ያኘከዋል፤ ይኮመጥጣል። እረኛ አፉን ያሟሽበታል እንጂ ቤተሰብ ማዕድ ከቦ የሚበላው አይደለም። እንግዲህ ገጣሚው የመረጠው ከድህነት ሁሉ የባሰውን ነው። እህል ጠፍቶ ሣርና ቅጠል እስከ መብላት ቢደርስም እንኳ፣ ሰው በሚያውቁት መሃል ከሆነ ክብሩ አይነካም ነው የሚለው። የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃላ። ቢታመም ይጠየቃል፣ ቢሞት እድሩ ይቀብረዋል፣ ቢጣላ ሽማግሌ ይገባለታል።

ይህ ባዶ ማጽናኛ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ጂዳ በሰው ቤት ስትሠራ በፓስፖርቷ ላይ የነበረው ስም የእሷ አልነበረም። ደላላው ነው የቀየረው፤ የሙስሊም ስም ቶሎ ሥራ ያስገኛል ብሎ። በብዙ እህቶቻችን ላይ የሆነ ነገር ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ነበር፣ ከፋላ የሚሉት አሠራር ይህ ነበር፤ ከቤቱ ብትወጣ ሕገ ወጥ ትሆን ነበር። ትበላ ነበር፣ ሥጋም ዶሮም ትበላ ነበር። ስልክ ስትደውል ግን መጀመሪያ የምትለን «በስሜ ጥሩኝ» ነበር። ስሟን ስንጠራላት ዝም ብላ ታለቅስ ነበር። የመጨረሻውን ስንኝ ከእሷ በላይ የተረጎመልኝ ሰው የለም።

በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ወረቀት የሌላቸውን ስታባርር ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ቦሌ ወረዱ። ብዙዎቹ አንዲት ፌስታል ይዘው ነው። እና አገራቸው ሲገቡ ተከበሩ ወይ? አንዳንዱ እናቱ እቅፍ ውስጥ ገባ። ሌላዋ ግን በላከችው ብር የተሠራው ቤት በወንድሟ ስም ሆኖ ጠበቃት፣ ጎረቤቱም «ምን ይዘሽ መጣሽ?» አላት። እዚህ ጋ ነው ተረቱን መጠንቀቅ ያለብን። «ይከበር የለም ወይ» ብሎ የሚጠይቀው ሰውዬውን ብቻ አይደለም፤ ጥያቄው አገሩንም ወንዙንም ይመለከታል። የመጣውን በሻንጣው ክብደት የምንመዝን ከሆነ ተረቱን ያፈረስነው እኛው ነን፣ ከዚያ በኋላ ልጁ ድጋሚ በየመን በኩል ቢጠፋ እሱን መውቀስ አንችልም።

ሌላም ነገር አለ። ተመርቆ ሦስት ዓመት ሥራ ያጣ ልጅ ላይ፣ ወይ ከቀዬው ተፈናቅሎ መጠለያ የተቀመጠ ሰው ላይ ይህን ተረት መተረት ልክ አይደለም። የተፈናቀለው ሰው እኮ በወንዙም አልታወቀለትም። ሣሩን እየበላ «ግድ የለም፣ አገሬ ነኝ» የሚል ሰው ቢናገረው ያምርበታል። ጠግቦ ያደረ ሰው ለተራበው ሲናገረው ግን ግፍ ነው። አበው ራሳቸው «ነቢይ በአገሩ አይከበርም» የሚለውንም ከመጽሐፍ ወስደው ይሉት የለ? ሁለቱም እውነት ነው፤ የሚለየው ሰውዬው ያለበት ሁኔታ ነው።

መመለስን ካነሳን ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ሳላነሳ አላልፍም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እንግሊዞች ሲያሸንፉ የተገኘ ሕፃን ነው። አንድ መኮንን ህንድ ይዞት ሄደ፣ እዚያ አደገ፣ ቻርልስ ማርቲን ተባለ፣ ሐኪም ሆነ። ከአድዋ ድል በኋላ በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ሲመጡ አያታቸው በሰውነታቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለዩዋቸው። ቋንቋው ጠፍቷል፣ ስሙ ተቀይሯል፣ አያት ግን አወቀች። ያኔም ቢሆን ጠቅልለው አልቀሩም። ወደ በርማ ሥራቸው ተመለሱ፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ መጡ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለንደን የአገራቸው ዲፕሎማት (በጊዜው አጠራር ሚኒስትር) ነበሩ፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ዛሬ ውጭ ያሉ ወዳጆቼ «ወይ እዚህ ወይ እዚያ» ብለው ሲጨነቁ ይህን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። መሄድም መመለስም አንዴ ተወስኖ የሚዘጋ በር መሆን የለበትም።

ለመመለስ የሚያስብ ሰው ካለ፣ እባክህ በገናና በጥምቀት መጥተህ አትወስን። ያኔ ሁሉም ሰው ዘመድ ነው፣ ሁሉም ቤት ዶሮ አለ። ክረምት ላይ ና፤ መብራት ሲጠፋ፣ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ፣ አንድ ጉዳይ ለማስፈጸም ቀበሌ ስትመላለስ እየው። ከዚያ ማን በር ያንኳኳል፣ ማን «ምነው ጠፋህ» ይላል፣ እሱን አስተውል። እዚያ ያለህበት አገርም ተመሳሳይ ጥያቄ ጠይቅ። ዋሽንግተን ዙሪያ እኮ እድር አለ፣ ማኅበር አለ፣ አራስ የሚጠይቅ አለ። ሰው ወንዙን ተሸክሞ ሄዶ እዚያ ያስቀጠለበት ቦታ ካለህ፣ መቅረትህን ማንም እንደ ክህደት ሊቆጥርብህ አይገባም።

ወረቀቱንም አትርሳ። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያን ዜግነት እንደተወ ይቆጠራል። በአዋጅ 270/1994 የመጣው፣ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብትም ያስቆጥራል፤ የመምረጥና የመመረጥ መብት ግን አይሰጥም። ዜግነቱን መልሶ ማግኘት የሚፈልግ ኑሮውን አገር ቤት አድርጎ፣ የውጩን ዜግነት ትቶ ማመልከት አለበት። ይህን ከልጆችህና ከባለቤትህ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሳትነጋገሩ ቤት አትሽጡ።