የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ሲምፖዚየም፦ ከፊኒክስ እስከ ጎተንበርግ

የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ሲምፖዚየም፣ በምኅጻሩ ኢቪኤስ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚንቀሳቀሱ የቤት መኪኖችን፣ አውቶቡሶችንና የጭነት ተሽከርካሪዎችን የሚመለከቱ ጥናቶች የሚቀርቡበት ዓለም አቀፍ የሳይንስና የምህንድስና ጉባኤ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1969 በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ በፊኒክስ ከተማ ሲሆን፣ 38ኛው በ2025 በስዊድን ጎተንበርግ ተደርጓል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተለየ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመስኩ ካሉት ጉባኤዎች አንጋፋ ከሆኑት አንዱ ነው፤ ዋና መለያው ግን ዕድሜው ሳይሆን የተሳታፊዎቹ ስብጥር ነው። ሌሎች የተሽከርካሪ ምህንድስና ጉባኤዎች በአብዛኛው የመኪና ሠሪዎችና የመምህራን መገናኛ ሲሆኑ፣ እዚህ ግን መኪናውን የሚሠራው፣ የባትሪውን ኬሚስትሪ የሚያጠናው፣ መብራት የሚያቀርበው ድርጅት መሐንዲስና የቻርጅ ጣቢያው የሚተከልበትን ቦታ የሚፈቅደው የከተማ ኃላፊ አንድ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ዋናው ችግር ከሞተሩ ይልቅ መኪናው ከኃይል አውታሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ስለሚገኝ፣ ይህ ስብጥር የጉባኤው ትልቁ ጥቅም ነው ማለት ይቻላል።

አጀማመሩ

በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ከተሞች የነበረው የአየር ብክለት መንግሥትንም ኢንዱስትሪውንም ያስጨነቀ ጉዳይ ነበር፤ የፊኒክሱ ስብሰባ የተጠራው በዚያ ወቅት ነው። ሁለተኛው በ1971 በአትላንቲክ ሲቲ፣ ሦስተኛው በ1974 በዋሽንግተን ተካሄደ። በመካከሉ የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ መጣና ጥያቄው ከጭስ ወደ ነዳጅ ዋጋና አቅርቦት ዞረ። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1976 የኤሌክትሪክና የዲቃላ (በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሠሩ) ተሽከርካሪዎችን ምርምርና ሙከራ የሚደግፍ ሕግ ሲያወጣ፣ በዚያው ዓመት ጉባኤው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰሜን አሜሪካ ወጥቶ በጀርመን ዱሰልዶርፍ ተካሄደ።

የዚያን ዘመን ተመራማሪዎች ይታገሉ የነበሩት ከክብደት ጋር ነው። በእጃቸው የነበረው የእርሳስ አሲድ ባትሪ በአንድ ኪሎ ግራም ከ30 እስከ 40 ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ብቻ ይይዛል። ዛሬ አንድ መካከለኛ የቤት መኪና የሚይዘውን 60 ኪሎዋት ሰዓት በዚያ ባትሪ ለመያዝ ቢታሰብ፣ ባትሪው ብቻውን ወደ 1,700 ኪሎ ግራም፣ ማለትም የሙሉ መኪና ያህል ይመዝን ነበር። ዛሬ ያሉት የሊቲየም አዮን ባትሪዎች በአንድ ኪሎ ግራም ከዚያ አምስትና ስድስት እጥፍ ይይዛሉ። የሊቲየም አዮን ባትሪ በሶኒ ኩባንያ አማካይነት ለገበያ የበቃው በ1991 ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ጉባኤዎች አንዱም እንኳ ይህን ባትሪ በገበያ ላይ አግኝቶ አልተወያየበትም። የእነዚያን ዓመታት ሥራዎች የሚያነብ ሰው፣ መሐንዲሶቹ የሞተርና የመቆጣጠሪያ ችግሮችን አንድ በአንድ እየፈቱ ባትሪውን ሲጠብቁ ያያቸዋል። ይህ ትዕግሥት ከፍ ያለ አክብሮት የሚገባው ይመስለኛል።

አደረጃጀቱና የጊዜ ምቱ

እስከ 1990 ድረስ በ21 ዓመታት ውስጥ የተደረጉት ጉባኤዎች አሥር ብቻ ናቸው። አሥረኛው ሆንግ ኮንግ ላይ ሲካሄድ የዓለም የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ማኅበር፣ በምኅጻሩ ዌቫ፣ ተመሠረተ፤ የሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሲ. ሲ. ቻን ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው። ማኅበሩ የሦስት አህጉራዊ ድርጅቶች ጥምረት ሲሆን፣ እነርሱም በ1978 የተመሠረተው የአውሮፓው አቬሬ፣ የእስያና ፓስፊኩ ኢቫፕ እና የሰሜን አሜሪካው ኢዲቲኤ ናቸው። የአዘጋጅነቱ ተራ በእነዚህ ሦስቱ መካከል ይዞራል። ዝርዝሩን ከፍሎረንስ (1992) ጀምሮ የተመለከተ ሰው አናሃይም፣ ኦሳካ፣ ኦርላንዶ፣ ብራስልስ፣ ቤጂንግ፣ ሞንትሪያል፣ በርሊን፣ ቡሳን እያለ ይኸው ተራ ሲዞር ያገኘዋል።

የጉባኤዎቹ ድግግሞሽ የኢንዱስትሪውን ትንፋሽ ያሳያል። ካሊፎርኒያ በ1990 ባወጣችው ደንብ፣ ትላልቅ አምራቾች በ1998 ከሚሸጧቸው መኪኖች 2 በመቶው ምንም ጭስ የማያወጡ እንዲሆኑ አዝዛ ነበር። በዚያ ግፊትና ተስፋ ጀነራል ሞተርስ በ1996 ኢቪ1 የተባለችውን መኪና በኪራይ አቀረበ፤ ቶዮታም በ1997 መጨረሻ ዲቃላዋን ፕሪየስ በጃፓን ገበያ ላይ አዋለ። ከ1996 እስከ 2003 ባሉት ስምንት ዓመታት ጉባኤው አንድም ዓመት ሳይዘል ተካሄደ። በ2003 ግን የካሊፎርኒያው ደንብ ላላ፤ ጀነራል ሞተርስም ያከራያቸውን መኪኖች ሰብስቦ አብዛኞቹን አስጨፈለቀ፤ በ2004 ጉባኤ አልነበረም። አንዱ ለሌላው ምክንያት ነው ባይባልም፣ መገጣጠሙ ልብ የሚባል ነው። ከ2015 ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ ይካሄዳል፤ በ2020 በፖርትላንድ ሊደረግ የታሰበው እንኳ በኮቪድ ምክንያት በበይነ መረብ ተካሂዷል እንጂ አልተሰረዘም።

ጥናት እንዴት ይቀርባል

ጥናት ማቅረብ የሚፈልግ ሰው ጉባኤው ከመካሄዱ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ የሥራውን አጠቃሎ ይልካል፤ አጠቃሎው በባለሙያዎች ይገመገማል፤ ያለፈው ሙሉ ጽሑፉን አዘጋጅቶ ያስገባል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው፤ አንዳንዱ በመድረክ በንግግር፣ አንዳንዱ ደግሞ “የውይይት ክፍለ ጊዜ” በሚባለው በፖስተር ይቀርባል። ልማድ ሆኖ መድረክ የተሰጠው ከፍ ያለ፣ ፖስተር የተሰጠው ዝቅ ያለ ተደርጎ ይታያል፤ ይህ ግን ልክ አይደለም። በመድረክ ላይ ለአንድ ጥናት የሚሰጠው ጊዜ በደቂቃ የተለካ ነው፤ ሁለት ሦስት ጥያቄ ተጠይቆ ተራው ያልፋል። በፖስተሩ ፊት ግን አጥኚው ቆሞ ይጠብቃል። አንድ የአውቶቡስ ድርጅት መሐንዲስ መጥቶ የባትሪውን እርጅና በሚያሳየው መሥመር ላይ ጣቱን ያሳርፍና፣ “ይህ መለኪያ የተወሰደው በስንት ዲግሪ ሙቀት ነው? የእኛ አውቶቡሶች ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው የሚቆሙት” ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። እንዲህ ያለው ጥያቄ የጥናቱን ደካማ ጎን በአንድ ጊዜ ያጋልጣል፤ አጥኚውም በቤተ ሙከራ ሊያገኘው የማይችለውን ትምህርት ይዞ ይመለሳል።

ከአዳራሹ ጎን ዐውደ ርእይ ይዘረጋል፤ ተሳታፊዎች መኪኖቹን ራሳቸው እየነዱ የሚሞክሩበት ፕሮግራምም የተለመደ ነው። ለተመረጡ ጽሑፎች የመጨረሻው ማረፊያ በ2007 የተጀመረው የዓለም የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ጆርናል ነው። ጆርናሉ ማንም ሰው ያለ ክፍያ የሚያነበው በመሆኑ፣ ለጉዞና ለመመዝገቢያ የሚከፍል ተቋም የሌለው ተማሪ እንኳ ስቶክሆልም ወይም ሴኡል ካለው እኩል ሊያነበው ይችላል። ለእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የመሰኪያው ጉዳይ

ጉባኤው ከጥናት አልፎ ዕለታዊ ኑሮን የነካበትን ቦታ መፈለግ ለወደደ፣ የቻርጅ መሰኪያን ታሪክ መከተል ይበቃዋል።

ጃፓኖች ቻዴሞ የተባለውን ፈጣን የቻርጅ ሥርዓት ቀድመው አውጥተው ነበር። በግንቦት 2012 ሎስ አንጀለስ ላይ በተካሄደው 26ኛው ጉባኤ ግን ስምንት የአሜሪካና የጀርመን አምራቾች፣ ማለትም አውዲ፣ ቢኤምደብሊው፣ ክራይስለር፣ ዳይምለር፣ ፎርድ፣ ጀነራል ሞተርስ፣ ፖርሽና ፎልክስቫገን፣ ጥምር የቻርጅ ሥርዓት ወይም ሲሲኤስ የተባለውን ይዘው ቀረቡ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ለቤት ቻርጅ የሚያገለግለው መሰኪያ ከላይ እንዳለ ሆኖ፣ ከሥሩ ለፈጣን የዲሲ (የቀጥታ ጅረት) ቻርጅ ሁለት ወፋፍራም ፒኖች ይጨመሩበታል፤ በመኪናው አካል ላይ አንድ ቀዳዳ ለሁለቱም ያገለግላል። ይሁንና የላይኛው ክፍል በአሜሪካና በአውሮፓ የተለያየ ስለነበር ሲሲኤስ ራሱ ሁለት ዓይነት ሆኖ ተወለደ። ቻይና ደግሞ ጂቢቲ የተባለውን የራሷን ደረጃ ይዛ ቀጠለች። ልዩነቱ የቅርጽ ብቻ አይደለም። መኪናውና ቻርጀሩ “ምን ያህል ቮልት ትፈልጋለህ? ባትሪህ ስንት ደርሷል?” እየተባባሉ የሚነጋገሩበት መንገድም ይለያያል፤ ቻዴሞና ጂቢቲ በተሽከርካሪ ውስጥ በተለመደው የመረጃ መሥመር ሲነጋገሩ፣ ሲሲኤስ መልእክቱን ለመቆጣጠሪያ በተመደበው ሽቦ ላይ በከፍተኛ ድግግሞሽ ያስተላልፋል። ስለዚህ ፈጣን ቻርጅ ላይ አዳፕተር ማለት ቅርጽ የሚቀይር ፕላስቲክ ብቻ ሳይሆን በሁለት ቋንቋዎች መካከል የሚያስተረጉም መሣሪያ ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2022 በኦስሎው 35ኛ ጉባኤ፣ የሲሲኤስ ደጋፊዎች ማኅበር የሆነው ቻሪን ለከባድ የጭነት መኪኖች የታሰበውን የሜጋዋት ቻርጅ ሥርዓት አስተዋወቀ። ሥርዓቱ እስከ 1,250 ቮልትና 3,000 አምፔር እንዲሸከም የታሰበ ሲሆን፣ ሁለቱ ሲባዙ 3.75 ሜጋዋት ይሆናሉ። ይህን ያህል ኃይል በአንድ ገመድ ወደ አንድ ተሽከርካሪ ሲገባ፣ ገመዱ በፈሳሽ ካልቀዘቀዘ በሰው እጅ ሊያዝ አይችልም። ኦስሎ ለዚህ የተገባች ቦታ ነበረች፤ ኖርዌይ 24ኛውን ጉባኤ በ2009 በስታቫንገር ስታስተናግድ የኤሌክትሪክ መኪና በገበያዋ ላይ እምብዛም አይታይም ነበር፤ በ2022 ግን በአገሪቱ ከተሸጡት አምስት አዳዲስ የቤት መኪኖች አራቱ ያህል የኤሌክትሪክ ነበሩ።

አፍሪካና ኢትዮጵያ

ጉባኤው እስካሁን አፍሪካ ውስጥ ተካሂዶ አያውቅም፤ ከዌቫ ሦስት አባል ድርጅቶችም አንዱ እንኳ የአህጉሩ አይደለም። ይህ ጉድለት መታረም አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ጥያቄዎቹ አሁን ከዚህ እየተነሡ ነው። በኪጋሊና በናይሮቢ የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት ነጂዎች ባትሪያቸው ቻርጅ እስኪያደርግ ከመጠበቅ ይልቅ በጣቢያ እየቀየሩ ይሠራሉ። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከል በዓለም የመጀመሪያዋ ሆናለች። ነዳጇን በሙሉ ከውጭ የምታስገባ፣ ኤሌክትሪኳን ግን ከዘጠና በመቶ በላይ ከውኃ የምታመነጭ አገር እንዲህ ያለውን ውሳኔ መውሰዷ በምህንድስና ዓይን የሚያስኬድ ነው።

ሆኖም በሎስ አንጀለስ ያልተዘጋው የመሰኪያ ልዩነት ዞሮ አዲስ አበባ ደርሷል። በከተማዋ ከሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ ተሠርተው የመጡ ስለሆኑ መሰኪያቸው ጂቢቲ ነው፤ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ መኪና የገዛ ሰው ግን ሲሲኤስ ይፈልጋል። ጣቢያ የሚተክል ባለሀብት የትኛውን እንደሚያስገባ መወሰን አለበት፤ ባለመኪናውም ጣቢያ ከመድረሱ በፊት የገመዱን ዓይነት ማጣራት ይኖርበታል።

ከዚህ ሌላ በእኛ አገር በቅርብ ሊለካ የሚችል ጉዳይ አለ፤ እርሱም ከፍታ ነው። 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ከፍታ ያለውን ዳገት፣ ለምሳሌ ከከተማው መሐል ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ያህል፣ ሲወጣ ክብደቱን ለማንሣት ብቻ ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ከዚያው ከፊሉን ለባትሪው ይመልሳል። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ስለሚያንስ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በዚያው መጠን ጉልበቱ ሲቀንስ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር አይነካውም። ቻርጀሩ ግን ይነካዋል። የሣሳ አየር ሙቀትን የማራቅ አቅሙ ያንሳል፤ በሁለት የብረት ክፍሎች መካከል የኤሌክትሪክ ብልጭታን የመከልከል አቅሙም እንዲሁ። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ደረጃ በክፍሎቹ መካከል የሚተወውን ክፍተት የሚያሰላው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ያለውን አየር መነሻ አድርጎ ነው፤ ከዚያ በላይ ክፍተቱ በቁጥር እየተባዛ መስፋት አለበት። አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ጎንደርና ደብረ ብርሃን ሁሉም ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው።

በእነዚህ ከተሞች ቻርጀሮች በስንት ዲግሪ እንደሚግሉ፣ በሙሉ ኃይላቸው ለስንት ሰዓት እንደሚዘልቁ፣ ዳገትና ቁልቁለት የሚመላለሱ አውቶቡሶች ባትሪያቸው በስንት ዓመት እንደሚያረጅ የሚለካ ሥራ፣ በፖስተር ፊት ቆሞ “በስንት ዲግሪ ሙቀት ነው?” ለሚለው ጥያቄ “በስንት ሜትር ከፍታ” የሚለውን ጨምሮ የሚመልስ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው መለኪያ፣ ሠንጠረዥ ሞልቶ የሚቀመጥ ቴክኒሻንና በየመንገዱ የተሰማሩት ተሽከርካሪዎች ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ደግሞ በየዕለቱ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጡና ሲወርዱ ይታያሉ።