ግማሽ ዕድሜ ምንድን ነው?

ግማሽ ዕድሜ፣ በባለሙያዎች ዘንድ «ሃፍ ላይፍ» እየተባለ የሚጠራው፣ የአንድ ነገር መጠን ከነበረበት ወደ ግማሹ እስኪወርድ የሚወስደው ጊዜ ነው። ስያሜው ግን በቀላሉ ያሳስታል። ለታይሮይድ ዕጢ ሕክምና የሚውለው፣ ጨረር እየለቀቀ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር የሚለወጠው አዮዲን 131 ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ገደማ ቢሆንም በ16ኛው ቀን ጨርሶ አይጠፋም፤ በእያንዳንዱ ዙር የሚጎድለው ከቀረው ላይ ግማሹ ስለሆነ በ16ኛው ቀን ሩቡ፣ በ24ኛው ቀን ደግሞ ከስምንት አንድ እጁ ይቀራል።

በፊዚክስ ይህ ጊዜ የአቶሙ የራሱ ጠባይ ነው። አቶሙ ያለበት ድንጋይ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም፣ ቢቀበርም ቢወጣም ፍጥነቱ ስለማይለወጥ የጥንት ዘመን መለኪያ ሊሆን ችሏል። የካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት ያህል ሲሆን፣ በእርሱ ዕድሜ የመለካትን ዘዴ ያስገኘው ዊላርድ ሊቢ በ1960 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ይሁንና ከ50,000 ዓመት ገደማ በላይ ሲሆን የሚተርፈው ካርቦን 14 ለመለካት እጅግ ያንሳል። ስለዚህ በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር ላይ የተገኘችው ሉሲ (ድንቅነሽ) 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆናት የታወቀው ከአጥንቷ ሳይሆን በአካባቢው ከተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ በአመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 በ1.25 ቢሊዮን ዓመት ግማሽ ዕድሜ ቀስ በቀስ እየተለወጠ በከፊል አርገን የተባለ ጋዝ ስለሚሆን የተጠራቀመው አርገን የአመዱን ዕድሜ ይናገራል።

በሕክምና ግን ነገሩ በእጅጉ ይለያል፤ ልዩነቱም ሊጤን የሚገባው ይመስለኛል። መድኃኒትን ከደም የሚያስወግዱት በዋናነት ጉበትና ኩላሊት ስለሆኑ የአንዱ መድኃኒት ግማሽ ዕድሜ ከሰው ሰው ይለያያል፤ በኩላሊት የሚወገድ መድኃኒት ኩላሊቱ በደከመ ታማሚ ሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ መጠኑም በዚያው ልክ መስተካከል አለበት። ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም ይህን አስተሳሰብ በግልጽ ያሳያል። ከሁለቱ ንጥረ ነገሮቹ አርቴሜተር ግማሽ ዕድሜው የጥቂት ሰዓታት በመሆኑ አብዛኛውን የወባ ተሕዋስ በፍጥነት ገድሎ ይወጣል፤ ሉሜፋንትሪን ደግሞ ለቀናት ቆይቶ የተረፈውን ያጠራል። በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ እንዲወሰድ የሚታዘዘውም የሉሜፋንትሪን መጠን በደም ውስጥ እንዲጠራቀም ነው፤ ትኩሳቱ ስለለቀቀው ብቻ በሁለተኛው ቀን ያቋረጠ ታማሚ ግን መጠኑ ከሚፈለገው በታች ስለሚሆን፣ የተረፉት ተሕዋስያን ዳግም ሊባዙበት ይችላሉ።