በባትሪ ኤሌክትሮላይት ውስጥ ያለን ቫናዲየም በብርሃን መለካት፦ ለጎንደር ቤተ ሙከራዎች የቀረበ ዳሰሳ

ቫናዲየም ሬዶክስ ፍሎው ባትሪ ኃይሉን የሚያጠራቅመው በሁለት ታንከሮች ውስጥ ባለ፣ ቫናዲየም የተባለ ሜታል በሟሟበት አሲዳማ ፈሳሽ (ኤሌክትሮላይት) ነው። ባትሪው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአውስትራሊያው የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ማሪያ ስካይላስ ካዛኮስና በባልደረቦቻቸው የተሠራ ነው። ከባድና ቦታ የሚይዝ በመሆኑ ለስልክ አይሆንም፤ የቀን ፀሐይን ለሌሊት ማቆየት ለሚፈልግ ጤና ጣቢያ ወይም ትምህርት ቤት ግን ይመቻል። ፈሳሹ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚታወቀው በውስጡ ምን ያህል ቫናዲየም እንዳለና ቫናዲየሙ በየትኛው የኦክሲዴሽን ደረጃ (ስንት ኤሌክትሮን አጥቶ) ላይ እንደሚገኝ ሲለካ ነው።

ለዚህ ሥራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ የተጀመረ ዩኒቨርሲቲ ባለባት ጎንደር፣ በስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሽ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ በሚለካ መሣሪያ) የደም ናሙና ማንበብ የለመደ ሰው ብዙ ነው። መርሁ አንድ ነው፦ መሣሪያው የሚሰጠው የውጠት ንባብ (አብዞርባንስ) ከሟሟው ነገር መጠንና ብርሃኑ በፈሳሹ ውስጥ ከሚያልፍበት ርቀት ጋር እኩል ያድጋል። ከ350 እስከ 900 ናኖሜትር የሚያነብ መሣሪያና የ1 ሴንቲ ሜትር የመስታወት ኩቬት (ናሙናው የሚገባበት ትንሽ ዕቃ) ይበቃል። ውጤት የሚበላሸው በአብዛኛው በፒፔቱ (ፈሳሽ ለክቶ በሚወስደው ቱቦ)፣ በአሲዱና በአየሩ ነው፤ ጥንቃቄውም እዚያ ላይ መዋል አለበት።

ቫናዲየም በአራት ደረጃዎቹ አራት ቀለም አለው። ባለ 2ው ወይን ጠጅ፣ ባለ 3ው አረንጓዴ፣ ባለ 4ው ሰማያዊ፣ ባለ 5ው ቢጫ ነው። ባለ 4ው በ760 ናኖሜትር አካባቢ ጎላ ያለ ጫፍ ያሳያል፤ የውጠት ቁጥሩም በአንድ ሞላር (በሊትር አንድ ሞል) እና በአንድ ሴንቲ ሜትር ወደ 17.5 ይጠጋል። ባለ 3ው በ400 እና በ610 ናኖሜትር አካባቢ ሁለት ጫፎች አሉት፤ በ400 ያለው 8 ገደማ ነው። ባለ 2ው በ850 አካባቢ 3 ገደማ ብቻ ነው። ባለ 5ው ዋና ውጠቱ አልትራቫዮሌት ውስጥ ሲሆን ጅራቱ እስከ 400 ድረስ ይደርሳል። እነዚህ ቁጥሮች በአሲዱና በሰልፌቱ መጠን ስለሚለዋወጡ ለመነሻ እንጂ ለስሌት አይሆኑም። እያንዳንዱ ቤተ ሙከራ የራሱን ይለካ።

ማቅጠኛው 3 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ለአንድ ሊትር፣ 700 ሚሊ ሊትር ያህል የተጣራ ውሃ ላይ 163 ሚሊ ሊትር የ98 በመቶ አሲድ ቀስ እያሉ መጨመር፣ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ እስከ ምልክቱ መሙላት ነው። አሲዱ ወደ ውሃው ይገባል፤ ውሃ ወደ አሲድ ፈጽሞ አይጨመርም። በውሃ ብቻ ማቅጠን ባለ 3ውን የተለየ ቅርጽ እንዲይዝ ስለሚያደርገው ቀለሙም ቁጥሩም ይዛባል። ለብላንክም (መሣሪያው ዜሮ ለሚደረግበት ቫናዲየም የሌለው ፈሳሽ) ያው አሲድ ነው የሚያገለግለው።

ለስታንዳርድ (መጠኑ ለታወቀ ማነጻጸሪያ) የሚሆነው ባለ 4 ቫናዲየም ያለበት ጨው፣ ቫናዲል ሰልፌት ነው። ባለ አምስት ውሃው ጨው ከሆነ 6.33 ግራም በ250 ሚሊ ሊትር ማቅጠኛ ሲሟሟ 0.1 ሞላር ይሰጣል። ነገር ግን ጨው የሚይዘው ውሃ ይለያያል፤ በክረምት ጠርሙሱ ተከፍቶ ከቆየ ይባስ ይረጥባል። ስለዚህ ሚዛኑን አምኖ መቀመጥ ዋጋ ያስከፍላል። ከሟሟው ፈሳሽ 10 ሚሊ ሊትር ወስዶ፣ ሞቅ አድርጎ፣ በሶዲየም ኦክሳሌት በተረጋገጠ 0.02 ሞላር ፖታሲየም ፐርማንጋኔት መታይትሬት (ጠብ እያደረጉ የሚፈጀውን መጠን መለካት) ይገባል። ጨው ልክ ከሆነ የሚፈጀውም 10 ሚሊ ሊትር ነው። መጨረሻው ላይ ምላሹ ስለሚዘገይ ሐምራዊው ቀለም ሳይጠፋ መቆየቱን ማየት ያሻል። ከተረጋገጠው ፈሳሽ 5፣ 10፣ 20፣ 30 እና 40 ሚሊሞላር ሲዘጋጅ ንባቡ ከ0.09 እስከ 0.70 ይዘልቃል፤ መስመሩም ቀጥ ይላል።

የባለ 3ው ስታንዳርድ በባትሪው ሴል ራሱ ይሠራል። በሁለቱም ወገን ባለ 4 ፈሳሽ ጨምሮ ሲሞላ አሉታዊው ወገን ወደ 3 ይወርዳል። ለ100 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ፈሳሽ 965 ኩሎምብ ይበቃል፤ ይህም በ0.5 አምፒር 32 ደቂቃ ያህል ነው። ናይትሮጅን እየነፋ መሠራት አለበት። ሲያልቅ የ760ው ጫፍ መጥፋቱ መመርመር ይገባዋል።

የተለመደው ኤሌክትሮላይት 1.6 ሞላር ቫናዲየም አለው። ሁሉም ባለ 4 ቢሆን ሳይቀጥን በ1 ሴንቲ ሜትር ኩቬት 28 ይሆን ነበር፤ ማንም መሣሪያ አያነበውም። ግማሹ ባለ 3፣ ግማሹ ባለ 4 ለሆነ አዲስ ፈሳሽ 5 ሚሊ ሊትር ወደ 100 ማድረስ ይስማማል፤ በ760 ወደ 0.70፣ በ400 ደግሞ 0.32 ገደማ ይነበባል። ለምሳሌ 0.70ን በ17.5 ብናካፍል 0.04 ሞላር፣ በ20 ስናባዛው 0.8 ሞላር ይሆናል። እያንዳንዱ ደረጃ በሌላው ጫፍ ላይ ጥቂት ስለሚውጥ፣ የሁለቱንም ቁጥር በሁለቱም ሞገድ ለክቶ ሁለቱን እኩልታዎች በአንድ ላይ መፍታት ያስፈልጋል።

ጎንደር ላይ በተለይ የሚያሳስበው ማይክሮፒፔቱ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ በመሆኗ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ወደ 78 በመቶ ይወርዳል። በአየር የሚስብ ፒፔት በዝቅተኛ ቦታ ከተስተካከለ እዚህ ከተጻፈው ትንሽ ያነሰ ይሰጣል፤ ኤሌክትሮላይቱ የሚከብድና ዝልግልግ በመሆኑ ደግሞ ጉድለቱ ይሰፋል። መፍትሔው በመስታወት ፒፔት መውሰድ ወይም ናሙናውን መመዘን ነው። የፈሳሹ እፍጋት 1.35 አካባቢ ሲሆን 5 ሚሊ ሊትሩ 6.75 ግራም ገደማ ይመዝናል። ጫፉ በውጭ በኩል መጠረግ አለበት፤ አንዲት ጠብታ እንኳ ውጤቱን ታዛባለች።

መብራት ሲቆራረጥ የመሣሪያው አምፖል እንደገና ይቀዘቅዛል። ከተመለሰ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቆ፣ ብላንኩን እንደገና ዜሮ አድርጎ፣ አንድ ስታንዳርድ ማንበብ ግድ ነው። ዩፒኤስ ካለ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል።

ባለ 2ው የራሱ ጠባይ አለው፤ አየር ሲያገኝ ወዲያው ወደ 3 ይዞራል። ሳያቀጥኑ ብርሃኑ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ በሚያልፍበት፣ ክዳን ባለው ኩቬት ውስጥ በናይትሮጅን ሥር መሙላት ይሻላል፤ ሙሉ በሙሉ የተሞላ አሉታዊ ፈሳሽ በ850 ወደ 0.5 ይሰጣል። ማቅጠን የግድ ከሆነ አሲዱ አስቀድሞ ለ30 ደቂቃ ናይትሮጅን ይነፋበት። ወይን ጠጁ ወደ አረንጓዴ ሲያደላ ናሙናው አልፎበታል።

በአዎንታዊው ወገን ያለው ወጥመድ ሌላ ነው። ባለ 4ውና ባለ 5ው ተጣምረው ብርሃን አብዝቶ የሚውጥ ውሁድ ይፈጥራሉ። ስለዚህ ያልቀጠነ ፈሳሽ ባትሪው ግማሽ ያህል ኃይል ሲሞላ ይጨልማል፤ ንባቡም ከሁለቱ ድምር ይበልጣል። ሲቀጥን ውሁዱ ይፈርሳል፣ የ760ውም ንባብ ይታመናል።

ጠቅላላውን ቫናዲየም ለማወቅ ናሙናውን 1,000 ጊዜ አቅጥኖ፣ በ1 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ፐርማንጋኔት ጠብ እያደረጉ ወደ 5 ማድረስ፣ ከዚያ ጥቂት ጠብታ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መጨመር ነው። ቀይ ቡናማ ቀለም ይወጣል፤ በ450 ናኖሜትር ይነበባል። ፐርኦክሳይድ ከበዛ ቀለሙ ወደ ቢጫ ስለሚያደላ ለስታንዳርዱም ለናሙናውም እኩል መጨመር አለበት። ታይታኒየም ካለ በዚያው ሞገድ ስለሚውጥ ያሳስታል። በኩቬቱ ግድግዳ ላይ አረፋ ከተለጠፈ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ያራግፈዋል።

ናሙና ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ልማድ ቢሆንም ያልቀጠነ ኤሌክትሮላይት ከ10 ዲግሪ በታች ጨው ሊያወጣ ይችላል። ባለ 5ው በተቃራኒው ከ40 ዲግሪ በላይ ዝቃጭ ይጥላል፤ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ አይቀመጥ። የጎንደር ጥላ ያለበት ክፍል ለሁለቱም ይስማማል።

ባለ 5ው መርዛማ ነው፤ ጓንትና መነጽር ግድ ናቸው። ትርፍራፊውን ወደ ቀሃ ወይም ወደ አንገረብ ወንዝ በሚወርድ ቦይ መድፋት አይገባም። አስቀድሞ ባለ 5ው ወደ 4 ይቀነሳል፤ ከዚያ በኖራ ቀስ ተብሎ አሲዱ ይገደላል። የወረደው ዝቃጭ ተጣርቶ፣ ስሙና ቀኑ በተጻፈበት የፕላስቲክ ዕቃ ለብቻው ይከማቻል።